ለትንሽ መኪና ሞተር የሚስማማው ቱርቦ የትኛው ነው?



በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ የብረት ዕቃ ነው። ዕቃው የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል፤ ለትንሽ መኪና የተሠራው በሁለት መዳፍ የሚያዝ ሲሆን ስሙ ቱርቦቻርጀር፤ ባጭሩም ቱርቦ ይባላል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዐዋቂ መስዬ ለመታየት አይደለም። በዚህ ነገር ላይ ሳላውቅ ተናግሬ፤ በንግግሬም የሰው ገንዘብ ላጠፋ ጥቂት ቀርቶኝ ስለ ነበረ፤ የእኔ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሁን ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ በአዲስ አበባ ከተማ በአንዲት ትንሽ መኪና ሰው እያመላለሱ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። መኪናዪቱ ቶዮታ ቪትዝ ስትሆን የሞተርዋ ይዘት 1.3 ሊትር ነው። በሜዳ ላይ ደኅና ትሄዳለች፤ ነገር ግን አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ እያቃሰተች ነው። አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ተቀምጠን ሳለን አጎቴ አንድ ደላላ ከጭነት መኪና የወረደ ትልቅ ቱርቦ እንዳገኘላቸው ነገሩን። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፤ «አንተ የምትማረው ይህንኑ አይደለም ወይ? ምን ትላለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጊዜ ደስ አለኝና፤ «ጋሼ፤ ይግዙት እንጂ! ቱርቦ በተለቀ ቁጥር ኀይሉም ይጨምራል» አልኋቸው። አጎቴ በማግሥቱ ቀብድ ከፈሉ። ገንዘቡ ለልጆቻቸው የሁለተኛ መንፈቅ የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ይህንኑ በኩራት ለፊዚክስ መምህራችን አወራሁላቸው። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ አላመሰገኑኝምም። «ለመሆኑ ያ ሞተር በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይጠጣል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ዝም አልሁ። «እንግዲህ የሚጠጣውን ሳታውቅ የሚያጠጣውን እንዴት መረጥህለት?» አሉኝ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚከተለው ከዚያ ወዲያ ካነበብሁትና በእርሳስ ካሰላሁት የተውጣጣ ነው።

በመጀመሪያ፤ ሞተር ኀይል የሚያገኘው ከቤንዚን ብቻ እንዳይመስለን። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው አየሩን ማስገባት ነው። ስለዚህ የሞተርን ጉልበት የሚወስነው በደቂቃ ውስጥ ስንት ኪሎ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ገባ የሚለው ነው ብንል አንሳሳትም።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይመጣል። በባሕር ጠረፍ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ያው አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.9 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ይኸውም ከአራት እጅ አንዱ እጅ ጐደለ ማለት ነው። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ጉድለቱ ይብሳል። የአጎቴ መኪና ሞተር ፋብሪካው 87 የፈረስ ጉልበት ብሎ ያወጣው ነው፤ በከተማችን አየር ግን 65 ያህሉ ቢቀር ነው። እንግዲህ መኪናዪቱ የምታቃስተው ሰንፋ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሯት ነው።

ቱርቦ የተፈለሰፈው ጢስ ሆኖ በከንቱ የሚወጣውን ጉልበት መልሶ ሥራ ላይ ለማዋል ነው። አሠራሩ የሚከብድ አይደለም። በአንድ አጭር ዘንግ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ጎማዎች አሉ። አንደኛው ተርባይን ሲባል ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ ያሽከረክረዋል። ሁለተኛው መጭመቂያ ይባላል፤ ከተርባይኑ ጋር አብሮ እየዞረ የውጭውን አየር እየሳበና እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ትንንሾቹ ቱርቦዎች በደቂቃ እስከ 200,000 ዙርና ከዚያም በላይ ይሽከረከራሉ፤ ሞተሩ ግን ቢበዛ 6,000 ዙር ነው።

ይህን አሳብ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ወደሚባል ተራራ ጫፍ አወጣው። ተራራው ወደ 4,300 ሜትር ከፍታ አለው። ሞተሩ በቆላ 350 ያህል የፈረስ ጉልበት የነበረው ሲሆን፤ በተራራው ላይ ያለ ቱርቦ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። እንዲህ ያለው ፈተና የተደረገው ሞተርን ከተፈጥሮው በላይ ለማበርታት ሳይሆን ከፍታ የወሰደበትን ለማስመለስ መሆኑን ልብ በሉ። በፋብሪካ ቱርቦ ተገጥሞላቸው ለሽያጭ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ የቤት መኪናዎች፤ ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌ ኮርቬር፤ የወጡት ከዚያ ብዙ ዘግይተው በ1962 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ መምህሬ ጥያቄ ልመለስ። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሙሉ ይዘቱን ይስባል። ስለዚህ 1.3 ሊትር ሞተር በ6,000 ዙር ሲሠራ በደቂቃ 3,000 ጊዜ 1.3 ሊትር፤ ማለት 3,900 ሊትር ይስባል። ነገር ግን ሲሊንደሮቹ ፈጽመው ስለማይሞሉ 85 ከመቶውን ብንወስድ ወደ 3,300 ሊትር እናገኛለን። ይህ በባሕር ጠረፍ 4 ኪሎ አየር ሲሆን በአዲስ አበባ 3 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ የአጎቴ መኪና የጐደላት በደቂቃ አንድ ኪሎ አየር ነው። ይህን ቁጥር ባገኘሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም፤ «ትልቅ» እና «ትንሽ» ሲባል የነበረው ወሬ በሚዛን ላይ ወጣ።

ቀጥሎ፤ አየሩ ስንት እጥፍ መጨመቅ አለበት? የከተማችን አየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህንን ለመመለስ 1.33 እጥፍ ይበቃል፤ በፊልትሮውና በቧንቧዎቹ የሚባክነውን ብንጨምርበት 1.4 እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ የመንፊያውን ጫፍ ዳስሶ ይህን ያውቃል። በ20 ዲግሪ የገባው አየር በ1.4 እጥፍ ተጨምቆ ሲወጣ 65 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። የሞቀ አየር ደግሞ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ኢንተርኩለር በሚባል ራዲያተር መሰል ማብረጃ ውስጥ ሊያልፍ ይገባዋል። ወደ 35 ዲግሪ ቢበርድልን ሞተሩ በደቂቃ 3.8 ኪሎ ያገኛል፤ የጐደለውም አብዛኛው ተመለሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቱርቦ ፋብሪካዎች የመጭመቂያውን ዐቅም በሰንጠረዥ ሥለው ያወጣሉ፤ ሰንጠረዡ ግን የተሠራው በባሕር ጠረፍ አካባቢ ላለው ወፍራም አየር ነው። እኛ 3.8 ኪሎ አየር ለማግኘት ከሳሳው አየራችን ወደ 4,200 ሊትር መሳብ አለብን። ያ ስፍራ በወፍራም አየር ቢሞላ 5 ኪሎ ይሆን ነበር። ስለዚህ በደጋ የሚኖር ሰው ሰንጠረዡን ሲያነብ በ3.8 ሳይሆን በ5 ኪሎ ላይ ጣቱን ማሳረፍ አለበት። በዳገት ላይ በምንነዳበት በ2,500 ዙር ያው ሒሳብ ሲሠራ 2 ኪሎ ያህል ይመጣል። እንግዲህ የምንፈልገው ቱርቦ በ1.4 እጥፍ ጭመቃ ከ2 እስከ 5 ኪሎ አየር ሳይጨነቅ የሚያሳልፍ ነው።

በዚህ ሚዛን ሦስት ቱርቦዎችን እንመዝን።

አንደኛው ያ ደላላው ያመጣው ነው። 5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ካለው የጭነት መኪና ወርዷል ብንል፤ ያ ሞተር በ2,600 ዙር፤ አየሩ ተጨምቆ በሊትር 2 ግራም ያህል ሲሆንለት፤ በደቂቃ ወደ 12 ኪሎ ይስባል። የአጎቴ ሞተር በዳገት ላይ የሚያሳልፈው 2 ኪሎ ከዚህ አንድ ስድስተኛ ነው። ይህችን የምታህል ጢስ ያን ትልቅ ተርባይን እንዴት ታሽከረክረዋለች? የወንዝ ወፍጮን በማሰሮ ውኃ ለማዞር እንደ መሞከር ነው። ከዚህም በላይ ሌላ ምክንያት አለ። ቅርጻቸው አንድ የሆኑ ሁለት ጎማዎች ወርዳቸው ቢለያይ፤ ለመነሣትና ለመፍጠን የሚያሳዩት እንቢታ በወርዳቸው አምስተኛ ርቢ ያድጋል። ባለ 60 ሚሊሜትሩ ጎማ ከባለ 40 ሚሊሜትሩ የሚበልጠው አንድ ጊዜ ተኩል ይመስላል፤ እንቢታው ግን ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ነጂው ቤንዚን መስጫውን ረግጦ ይጠብቃል፤ ዳገቱ ያልቃል፤ ቱርቦው ገና መነሣቱ ነው። በግድ ቢፈጥን እንኳ የሚጨምቀውን አየር የሚቀበለው ሞተር ትንሽ ስለሆነ፤ አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ጎማውንና ዘንጉን ያንገጫግጫል። ይህም ሰርጅ የሚባለው በሽታ ነው።

ሁለተኛው እጅግ ትንሹ ነው። በጃፓን አገር ኬይ የሚባሉ ትንንሽ መኪናዎች አሉ፤ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተራቸው ከ660 ሲሲ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቱርቦ ያላቸው 64 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። የእነዚህ ቱርቦ ገና በትንሽ ዙር ይነሣልና ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ የተሠራለት ሞተር በደቂቃ የሚስበው 3 ኪሎ ያህል ነው፤ እኛ ደግሞ 5 እንፈልጋለን። ስለዚህ ዙሩ ከፍ ሲል ጉሮሮው ይታነቃል፤ ጢሱ መውጫ አጥቶ ሞተሩን መልሶ ይጫነዋል፤ ጎማውም ከተወሰነለት ፍጥነት አልፎ ሊሰበር ይችላል። ሲተልቅ ብቻ ሳይሆን ሲያንስም ጉዳት አለው ማለት ነው።

ሦስተኛው፤ በፋብሪካው ቱርቦ ከተገጠመለት ከ1.2 እስከ 1.5 ሊትር ከሚደርስ የቤንዚን ሞተር የሚገኘው ነው። የዚህ ዓይነቱ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ለሚደርስ አየር የታሰበ ስለሆነ ከእኛ ሒሳብ ጋር ይገናኛል። ጋሬት የሚባለው ፋብሪካ ከትንንሾቹ ቱርቦዎቹ አንዳንዶቹን ጂቲ1241፤ ጂቲ1544 እያለ ሲሰይም የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የመጭመቂያውን ጎማ ወርድ በሚሊሜትር ያመለክታሉ። ለእንደዚህ ያለች መኪና መፈለግ የሚገባው በ40ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን ነው።

ከመጭመቂያው ሌላ የተርባይኑ ቤትም መታየት አለበት። የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ብንጫነው ውኃው በፍጥነት ይወነጨፋል። የተርባይኑም ቤት ጉሮሮው ሲጠብብ ጢሱ እየተወነጨፈ ጎማውን ቶሎ ያስነሣዋል፤ ሲበዛ ግን ያፍነዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ዌስትጌት የተባለች ትንሽ በር ናት። ግፊቱ የተፈለገው መጠን ላይ ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ትርፉን ጢስ በተርባይኑ ጎን ያሳልፈዋል። ስለዚህ ጠበብ ያለ ቤትና በሚገባ የምትሠራ በር ለዳገት መኪና ይስማማሉ።

«ታዲያ ግፊቱን ለምን ወደ ሁለት እጥፍ አናደርሰውም?» የሚል ወጣት አይጠፋም፤ እኔም ብዬ ነበርና። መልሱ እነሆ። የዚህ ሞተር ፒስቶን ወደ ውስጥ የገባውን አየር በራሱ 10.5 እጥፍ ይጨምቀዋል። በቱርቦ በጣም የታመቀና የሞቀ አየር በዚህ ላይ ሲጨመር፤ ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ይህ ፍንዳታ ፒስቶን ይበሳል፤ የቴስታታውንም ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። ከፍታ የወሰደውን ብቻ ስንመልስ ግን ሞተሩ የሚሸከመው ፋብሪካው ካሰበለት ብዙም የማይርቅ ጫና ነው። ለዚያውም ኢንተርኩለር፤ ንጹሕ የዘይት መስመርና፤ ለተጨመረው አየር ተመጣጣኝ ቤንዚን እንዲሰጥ የኮምፒዩተሩ መስተካከል ግድ ነው። ቱርቦ የተገጠመለትም መኪና ከባድ ዳገት ከወጣ በኋላ ወዲያው እንዳይጠፋ፤ ጥቂት ቆሞ በዝግታ እንዲዞር ቢደረግ ለቱርቦው ዕድሜ ይበጃል።

ሒሳቡን ከጨረስሁ በኋላ የቀረው ከባዱ ሥራ ነበር፤ ወደ አጎቴ ሄዶ «ተሳስቼ ነው» ማለት። ደብተሬን ይዤ ማታ ቤታቸው ገባሁ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ሳስረዳቸው ዝም ብለው አደመጡኝ። ስጨርስ፤ «እንግዲያው ቀብዱስ?» አሉኝ። «ጋሼ፤ ነገ አብሬዎት ሄጄ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ለሰውዬው እነግረዋለሁ» አልኋቸው። ሻጩም ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ ጥቂቱን ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን መለሰ። የጐደለውን ከኪሴ ገንዘብ በየወሩ እየከፈልሁ ነው።

አጎቴ በዚህ አላበቁም። «እስቲ የታመመውን ሳናውቅ መድኃኒት አንግዛ» ብለው መኪናዪቱን ወደ አንድ መካኒክ ወሰዷት። መካኒኩ የአራቱን ሲሊንደሮች ጭመቃ በመለኪያ ሲለካ የአንደኛው ከሦስቱ በብዙ አንሶ ተገኘ፤ የአየሩ ፊልትሮም በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ያ የጭነት መኪና ቱርቦ ቢገጠም ኖሮ ሊደርስ የሚችለውን ሳስብ ያስፈራኛል። ሞተሩ ወርዶ ተጠገነ። የልጆቹም ክፍያ፤ ጥቂት ቢዘገይም፤ ተከፈለ። ዛሬ መኪናዪቱ እንጦጦን እየበረረች አትወጣም፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አታቃስትም። ቱርቦው ገንዘብ እስኪገኝ ይቆያል። ሒሳቡ የተጻፈበት ወረቀት ግን በመኪናዪቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ አጎቴም ደላላ በመጣ ቁጥር አውጥተው፤ «በደቂቃ 5 ኪሎ ነው የምፈልገው፤ ያንተ ስንት ነው?» ይሉታል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቱርቦ ለመምረጥ አስቀድሞ የሞተሩን ጤንነት ማስመርመር፤ ቀጥሎ በሚነዱበት ዙር የሚጠጣውን አየር ማስላት፤ ሦስተኛ የሚኖሩበትን ከፍታ በሒሳቡ ውስጥ ማግባት፤ በመጨረሻም ለዚያ መጠን የተሠራውን መፈለግ ነው። ሒሳቡ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪ ዐቅም አይበልጥም። እኔን ያሳጣኝ ዕውቀት ማነሱ ሳይሆን፤ ሳልለካ መናገሬ ነበር። ወላጆቻችን «ይህ ልጅ ተምሯል» ብለው ቃላችንን አምነው ገንዘባቸውን ያወጣሉና፤ ከመናገራችን በፊት እንለካ።